ክሩስኮቱ ላይ ያለችው ቁጥር፦ ቱርቦ መኪና፣ ኦክስጅን ሴንሰርና የአየር-ነዳጅ ድብልቅ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ክሩስኮቴ ላይ አንዲት ክብ ጌጅ አለች። ሰው መኪናዬ ውስጥ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ቁጥሯ ለምን እንዲህ ይዘልላል?» ይላል። መኪናዋ አሮጌ ሱባሩ ፎሬስተር ቱርቦ ናት። ቱርቦ ማለት በጭሱ ግፊት እየዞረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋ ዕቃ ነው። ጌጇ የምትነግረኝ ሞተሩ ለአንድ ግራም ቤንዚን ስንት ግራም አየር እያገኘ እንደሆነ ነው። ጥያቄው ሲደጋገምብኝ መልሱን አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። መካኒክ አይደለሁም። ግን አንድ ሞተር በገዛ እጄ ገድያለሁ። የሚገርመው፣ ያኔ ጌጇ ነበረች። ታሪኩን ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

14.7 የሚባለው ቁጥር ከየት መጣ?

አንድ ኪሎ ቤንዚን ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ያኔ ነዳጅም አይተርፍ፣ ኦክስጅንም አይተርፍ። በክብደት ነው እንጂ በሊትር አይደለም። በሊትር ከሆነማ አንድ ሊትር ቤንዚን ባሕር ጠለል ላይ ወደ 9,000 ሊትር አየር ይበላል። መኪናው ነዳጅ ጠጪ ነው እያልን ስናማው አየር ጠጪነቱን ረስተነዋል።

ቁጥሩ ከ14.7 ሲወርድ ነዳጁ በዝቷል፣ ሲወጣ አየሩ በዝቷል። ጋራዥ ውስጥ «ሪች» እና «ሊን» ሲሉ የምትሰሙት ይሄንኑ ነው። እኔ እንደ ሽሮ ነው የማስበው፤ ወፍራምና ቀጭን። እዚህም በሁለቱ ቃላት ልጠቀም።

ላምዳ የሚባል ሌላ መለኪያም አለ። ሞተሩ ያገኘው አየር ለሚያስፈልገው አየር ሲካፈል ማለት ነው። ልክ ሲሆን 1 ነው። ከ1 በታች ወፍራም፣ ከ1 በላይ ቀጭን። ላምዳ 0.80 በቤንዚን ስሌት 11.8 አካባቢ ይሆናል። እኔ ላምዳን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም 14.7 ለንጹሕ ቤንዚን ብቻ ነው የሚሠራው። 10 በመቶ ኢታኖል የገባበት ቤንዚን የሚፈልገው 14.1 አካባቢ ነው። ንጹሕ ኢታኖል ደግሞ 9 ብቻ። እኛም አገር እኮ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ ነበር፤ መጀመሪያ 5፣ በኋላ 10 በመቶ።

ሴንሰሩ ታንኩ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። የሚያውቀው ላምዳን ነው። ጌጁ ያንን በ14.7 አባዝቶ ያሳያችኋል። ስለዚህ ታንካችሁ ውስጥ ኢታኖል ቢሞላም፣ ድብልቁ ልክ ሲሆን ጌጁ 14.7 ነው የሚለው። ሁለት ሰዎች በዚህ ሲከራከሩ ካያችሁ፣ አንዱ በላምዳ ሌላው በቤንዚን ቁጥር እያወራ ነው፤ ምናልባት ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሴንሰሩ ነዳጁን ነው የሚለካው?

አይደለም። ስሙን እዩት፤ ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ሞተሩ ውስጥ የገባውን ሳይሆን ከተቃጠለ በኋላ ጭሱ ውስጥ የቀረውን ያያል። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ «ድብልቁ እንዲህ ነበር ማለት ነው» ብሎ ይገምታል። ይህቺን ነገር የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

አንዱ ካንዴላ (ድብልቁን በብልጭታ የሚለኩሰው) ሳይተኩስ ቀረ እንበል። እዚያ ሲሊንደር ውስጥ የገባው ቤንዚንም ኦክስጅንም ሳይቃጠሉ ይወጣሉ። ሴንሰሩ ኦክስጅኑን ያይና «ቀጭን ነው!» ይላል። ጌጁ ወደ 16፣ ወደ 17 ይዘልላል። እናንተም ደንግጣችሁ ነዳጅ ትጨምራላችሁ። ካንዴላው ይብስ ይረጥባል፣ ይብስ አይተኩስም። በጣም የወፈረ ድብልቅ ራሱ እሳቱን ሲያጠፋም ይሄው ነው የሚሆነው። ጌጁ ቀጭን ይላል፤ ማርሚታው ግን ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ቤንዚንም ይሸታል። ጌጅና አፍንጫ ሲጣሉ እኔ ለአፍንጫዬ ነው የምፈርደው።

ከሴንሰሩ በፊት ያለ የጭስ ማውጫ ቀዳዳም እንዲሁ ያሳስታል። የተቃጠለ ጓርኒሲዮን፣ የተሰነጠቀ ማኒፎልድ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ቱቦ)፣ በደንብ ያልተበየደ ቱቦ። ጭሱ የሚወጣው በምት በምት ነው። በምቶቹ መሃል ግፊቱ ይወርድና የውጭውን አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ሴንሰሩ ያንን አየር ሲያይ ቀጭን ነው ይላል። በተለይ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራና በቀስታ ስትነዱ ነው የሚታየው። ስለዚህ ጌጅ ከመግጠማችሁ በፊት የጭስ ቱቦውን አስፈትሹ። የሳሙና ውኃ ይበቃል።

መኪናዬ ፋብሪካው የገጠመለት ኦክስጅን ሴንሰር አለው። እሱ አይበቃም?

ቱርቦው ሲነፋ አይበቃም።

ብዙ መኪና ላይ ያለው ናሮውባንድ የሚባለው ነው። የቆየ ፈጠራ ነው። ቦሽ የሠራው ላምዳ ሴንሰር መጀመሪያ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1976 ለካሊፎርኒያ ገበያ በተሠሩ ቮልቮዎች ላይ ነበር። ቮልቮም ኮራ ብሎ ፊት ለፊት ግሪሉ ላይ «ላምዳ ሶንድ» የሚል ምልክት ለጠፈበት። ሥራው ድብልቁን ላምዳ 1 አካባቢ ማቆየት ነው፤ ካታሊስቱ ጭሱን በደንብ የሚያጣራው ያኔ ነውና። ለዚህ ሥራ ጎበዝ ነው። ወፍራም ሲሆን 0.9 ቮልት ገደማ፣ ቀጭን ሲሆን 0.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል። መሃሉ 0.45 ነው። እንደ አምፖል ማብሪያ ማጥፊያ አስቡት።

ችግሩ ቱርቦው ሲነፋ ይመጣል። ድብልቁ 11.5 ሲሆን 0.9 ቮልት ገደማ ይላል። 13 ሲሆንም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ቱርቦ እየነፋ በ11.5 እና በ13 መሃል ያለው ልዩነት ሞተሩ በሰላም ቤቱ መግባቱና አለመግባቱ ነው። እሱ ግን ሁለቱንም «ወፍራም ነው» ብሎ ያልፋቸዋል። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ መብራት የሚያሯሩጡ ርካሽ ጌጆች ከዚህ ሴንሰር ነው የሚያነቡት። ክሩስኮቱን ናይት ክለብ ከማስመሰል በቀር ጥቅማቸው አይታየኝም።

የሚያስፈልጋችሁ ዋይድባንድ ነው።

ዋይድባንድ በምን ይለያል?

ጫፉ ውስጥ ጭስ የሚገባባት ትንሽ ክፍል አለች። መቆጣጠሪያው እዚያች ክፍል ውስጥ ያለው ሁልጊዜ ላምዳ 1 እንዲሆን ኦክስጅን በኤሌክትሪክ ወይ ያስወጣል ወይ ያስገባል። ለዚህ የፈጀው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሆነና በየትኛው አቅጣጫ እንደሄደ ይለካል። ቁጥሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ «አዎ» እና «አይደለም» ብቻ ሳይሆን «ምን ያህል» የሚለውንም ይመልሳል።

ገበያው ላይ በብዛት የምታገኙት የቦሽ ኤልኤስዩ 4.2 እና 4.9 ናቸው። 4.2ቱ የሚያነጻጽርበትን አየር ከውጭ በሽቦው በኩል ነው የሚወስደው። ቆሻሻ ሲገባበት ይሳሳታል፤ በየጊዜው ተፈትቶ በንጹሕ አየር ላይ ማስተካከል ይፈልጋል። 4.9ኙ ማነጻጸሪያውን ራሱ ይፈጥራል። ልግዛ ካላችሁ 4.9ኙን ግዙ። ማስመሰያው ግን ብዙ ነው፤ ዋጋው በጣም ከረከሰ ጠርጥሩ።

ሁለቱም ሥራ የሚጀምሩት ውስጣቸው ያለው ማሞቂያ በደንብ ሲያግላቸው ነው። 4.9ኙ 780 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው የሚሠራው። ይህን ሙቀት ያዙት፤ ስለ ሴንሰር መሞት ስናወራ እንመለስበታለን።

ታዲያ ቱርቦው ሲነፋ ቁጥሩ ስንት ይሁን?

ለቤንዚንና ነዳጁ ቫልቩ ጋ ለሚረጭበት የተለመደ ቱርቦ ሞተር እኔ የምይዛቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ቆሞ ሲሠራና ዝም ብሎ በአንድ ፍጥነት ሲሄድ 14.7 አካባቢ። ቱርቦው ገና መንፋት ሲጀምር 12.5 አካባቢ። በሙሉ ኃይሉ ሲነፋ ከ11.2 እስከ 11.8። በላምዳ ከ0.76 እስከ 0.80 ማለት ነው።

«ለምን ይሄን ያህል ነዳጅ ይባክናል?» የሚል አይጠፋም። ትርፉ ነዳጅ የሚገባው ለመቃጠል አይደለም። ለማቀዝቀዝ ነው። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል። የታመቀና የጋለ አየር ከካንዴላው ትእዛዝ ሳይጠብቅ በራሱ እንዳይፈነዳ ይረዳል። ያ ሳይታዘዝ የሚፈነዳው ነው ሞተሩን የሚያንኳኳው። ቱርቦ እየነፋ ማንኳኳት ሲጀምር ፒስተን ለመስበር ብዙ ጊዜ አይፈልግም።

ግን «ወፍራም ከሆነ ሰላም ነው» ማለትም አይደለም። ከ10.5 በታች ሲወርድ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥበዋል። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ይሄ ነው።

ነዳጁ ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭባቸው አዳዲስ ሞተሮች የራሳቸው ሕግ አላቸው። ብዙዎቹ ቱርቦው እየነፋም ወደ ላምዳ 1 ተጠግተው ይሠራሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ቱርቦውን ቶሎ ለማስነሣት ንጹሕ አየር በቫልቮቹ መሃል ቀጥታ ወደ ጭሱ ያሳልፋሉ። ሴንሰሩ ያንን አየር ያይና ቀጭን ይላል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግን ወፍራም ነው። እነዚህን በኔ ቁጥር አትንኩ።

አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ መኪና ወደ ቆላ ሲወርድ ችግር አለው?

ሊኖረው ይችላል። የምወደው ጥያቄም ይሄ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። የአየሩ ግፊት 77 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ 101 ነው። ቱርቦ የሌለው መኪና እዚህ ሩብ ያህል አየሩን ያጣል። ባለቱርቦው ይሻላል፣ ግን በነጻ አይደለም። የቱርቦ ጌጁ (የቱርቦውን ግፊት የሚያሳየው ሌላኛው ጌጅ) ግማሽ ባር፣ ማለትም 50 ኪሎፓስካል፣ ሲል ውጭ ካለው አየር በላይ ግማሽ ባር ማለት ነው። ባሕር ጠለል ላይ ቱርቦው አየሩን 1.5 ጊዜ ነው የሚያምቀው። እዚህ ያንኑ ግማሽ ባር ለማሳየት 1.65 ጊዜ ማመቅ አለበት። ባሕር ጠለል ላይ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ያህል ግፊት እዚህም ላምጣ ካላችሁ ደግሞ ወደ 2 ጊዜ ይጠጋል። ቱርቦው በጣም ይሽከረከራል፣ አየሩ ይበልጥ ይግላል። ከውጭ አገር ድረ ገጽ ላይ «ለዚህ ሞተር 1 ባር ሰላም ነው» የሚል አንብቦ ቀጥታ እዚህ መሞከር ያላዋጣቸው ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን ወደ አዋሽ ውረዱ። ከ1,000 ሜትር በታች ነው። የቱርቦ ጌጁ እንደ አዲስ አበባው ግማሽ ባር ይላል። ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ግፊት ግን ወደ 10 በመቶ ጨምሯል። ሙቀቱ ጥቂቱን ይመልሰዋል፤ ቢሆንም ሞተሩ የሚፈልገው ነዳጅ ከአዲስ አበባው ይበልጣል። የነዳጅ ፓምፑ አዲስ አበባ ላይ አቅሙ ጫፍ ላይ ደርሶ ከነበረ እዚያ አይበቃውም። ድብልቁ ይቀጥናል። ስለዚህ እዚህ ስታስተካክሉ ለፓምፑም ነዳጁን ለሚረጨው ኢንጀክተርም ትርፍ ተዉለት።

ሴንሰሩን ራሱን ከፍታው ጥቂት ይነካዋል። ግፊት ሲቀንስ ንባቡ በትንሹ ወደ ላምዳ 1 ይጠጋል። ወፍራሙን ከሆነው ትንሽ ቀጠን አድርጎ ያሳያችኋል። ስሕተቱ ወደ ሰላሙ ወገን ስለሆነ እንቅልፍ አይነሣኝም።

ሴንሰሩ የት ይገጠም?

ከቱርቦው በኋላ፣ ከካታሊስቱ በፊት። ከቱርቦው መውጫ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ራቅ ቢል ጥሩ ነው።

ከቱርቦው በፊት ለምን አይሆንም? አንደኛ፣ ይጋገራል። ሁለተኛ፣ እዚያ ያለው የጭስ ግፊት ከፍተኛ ነው። ግፊት ሲጨምር ንባቡ ይጋነናል፤ ወፍራሙን የበለጠ ወፍራም፣ ቀጭኑን የበለጠ ቀጭን ያደርገዋል። ጌጁ 11.2 እያለ እውነቱ 12 ቢሆንስ? ይሄኛው ስሕተት ወደ መጥፎው ወገን ነው። የእ.ኤ.አ. 2002 ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ የፊተኛው ሴንሰር ከቱርቦው በፊት ነው የተቀመጠው። ፋብሪካው ቶሎ እንዲሞቅለት ፈልጎ ነው፤ ዋና ሥራውም ቱርቦው በማይነፋበት ጊዜ ነው። እሱ እዚያ አደረገ ብላችሁ እናንተ እዚያ አታድርጉ።

ቀዳዳው ከቱቦው በላይ በኩል ይሁን። ቱቦውን እንደ ግድግዳ ሰዓት ብታዩት ከ10 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። ከአግድም ቢያንስ 10 ዲግሪ ወደ ላይ ያዘንብል። ጠዋት ሞተር ስታስነሡ ቱቦው ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፤ ሴንሰሩ ከታች ከሆነ ውኃው ይወርድበታል። በያጁን «ጥርሱ ኤም18 በ1.5 ነው» በሉት። ብየዳው ሲሠራ ሴንሰሩ ከቦታው ይውጣ።

ሽቦውን ለማሳለፍ ሶኬቱን ብቆርጠውስ?

እንዳትቆርጡት!

የመጀመሪያ ሴንሰሬን ያጣሁት እንዲህ ነው። ሶኬቱ በሞተሩና በጋቢናው መሃል ባለችው ቀዳዳ አላልፍ አለ። የሚገጥመው ልጅ ቆረጠው፣ አሳለፈው፣ ሽቦውን ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቀለለው። ሥራው ንጹሕ ነበር፣ እኔም አመስግኜው ሄድኩ። ማታ ላይ ጌጁ የሚያወራው ሌላ ሆነ።

ሶኬቱ ውስጥ ትንሽ ሬዚስተር አለች። ፋብሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ሴንሰር ተለክቶ ለእሱ ብቻ የተስተካከለች ናት። ሶኬቱ ሲቆረጥ እሷም ትሄዳለች፤ ወይም የሌላ ሴንሰር ሶኬት ይገጠምና የሌላ ሰው መነጽር ማድረግ ይሆናል። ቀዳዳውን አስፉት እንጂ ሶኬቱን አትንኩ። ርዝመት ካነሰ ከጌጁ ጋር የሚሄድ ማራዘሚያ ይሸጣል።

ጌጁና ከመኪናው ኮምፒውተር የሚያነበው ላፕቶፕ የተለያየ ቁጥር ያሳዩኛል። የቱን ልመን?

ጌጁን። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የግራውንድ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር፣ ነው። ጌጁ ንባቡን ለመኪናው ኮምፒውተር የሚልከው ከ0 እስከ 5 ቮልት ባለ ምልክት ነው። ለምሳሌ አንድ የታወቀ አሠራር 0 ቮልትን 7.35፣ 5 ቮልትን 22.39 ያደርገዋል። በዚህ ስሌት 0.1 ቮልት ስሕተት ማለት 0.3 ያህል ልዩነት ነው። ጌጁ ግራውንዱን ከሬዲዮው፣ ኮምፒውተሩ ከሞተሩ ካገኙ 0.1 ቮልት ቀላል ነው። ሁለቱንም አንድ ቦታ እሰሯቸው። የየፋብሪካው ስሌት ስለሚለያይም ላፕቶፑ ላይ የሞላችሁት የራሳችሁ ጌጅ መሆኑን አረጋግጡ።

ቁጥሩ ሲቀየር ችግሩ የት እንዳለ ማወቅ ይቻላል?

አዎ፣ ቱርቦው እየነፋ ካነበባችሁት። እኔ ብዙ ጊዜ የማያቸው እነዚህ ናቸው።

ፔዳሉን ስትረግጡ 11.5 ይጀምርና ሞተሩ በተሽከረከረ ቁጥር 12፣ 12.5፣ 13 እያለ ይወጣል። ነዳጅ አልደረሰም። ፓምፑ ደክሟል፣ ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይም ወደ ፓምፑ የሚሄደው ኤሌክትሪክ አነሰ። ቱርቦው ሲነፋ የነዳጁ ግፊት አብሮት መጨመር አለበት። መነሻው 3 ባር ከሆነና ቱርቦው 1 ባር ቢነፋ ነዳጁ 4 ባር መሆን ይገባዋል። ይህን ካያችሁ እግራችሁን ወዲያው አንሡ። «እስቲ ልየው» አይባልም።

ቱርቦው ሲነፋ ብቻ ከልክ በላይ ይወፍራል፣ ጉልበትም የለም። የሚገባውን አየር በሚለካ ሴንሰር የሚሠራ መኪና ከሆነ የኢንተርኩለሩን (የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) ጎማዎች እዩ። አየሩ ተለክቶ ገብቷል፣ ነዳጁም በዚያው ልክ ተረጭቷል፤ አየሩ ግን መንገድ ላይ በቀዳዳ ወጥቷል። ግፊት ብቻ ለክቶ የሚሠራ መኪና ላይ ይሄ ምልክት አይታይም።

ማርሽ ስትቀይሩ ለአፍታ ወደ 10 ይወርድና ይመለሳል። «ፕሽሽ» የሚል ቫልቭ አስገጥማችኋል አይደል? ያው የተለካ አየር ወደ ውጭ እየጣላችሁ ነው። ከድምፁ ጋር ተስማሙ ወይም ቫልቩን ወደ ውስጥ የሚመልሰውን ግጠሙ።

እግራችሁን ሙሉ በሙሉ ስታነሡ ጌጁ 20 ወይም ከዚያ በላይ ይላል። ይሄ ጤና ነው። ኢንጀክተሮቹ ተዘግተዋል፤ የሚወጣው ንጹሕ አየር ነው።

ጌጁ 11.5 ካለ አራቱም ሲሊንደር ደኅና ነው ማለት ነው?

ወደ ሞተሬ ታሪክ ደረስን።

ሴንሰሩ አንድ ነው፤ የሚያየው ከአራቱም ሲሊንደር የመጣውን የተቀላቀለ ጭስ ነው። የኔ መኪና ለወራት በሙሉ ኃይሏ 11.5 ስትል ነበር። ከዚያ 12 ማለት ጀመረች። «12ም ቢሆን ችግር የለውም» አልኩ። እውነትም በራሱ የሚያስደነግጥ ቁጥር አልነበረም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ ዳገት ስወጣ ከኋላዬ ሰማያዊ ጭስ አየሁ። ሞተሩ ሲፈታ 3ኛው ፒስተን የቀለበቱ ማቀፊያ ተሰብሮ ተገኘ። የዚያ ሲሊንደር ኢንጀክተር በቆሻሻ በከፊል ተደፍኖ ነበር።

ስሌቱን ሥሩት። ሦስቱ 11.5፣ አንዱ 13.5 ቢሆን አማካዩ 12 ነው። ጌጇ አልዋሸችም። ሦስቱ ደኅና ስለነበሩ የአራተኛውን ጩኸት ሸፈኑት እንጂ ነግራኝ ነበር። እኔ ያየሁት 12ን ነው፤ ማየት የነበረብኝ ግን ከ11.5 መነሣቷን ነበር። ምንም ነገር ሳትነኩ ቁጥሩ ግማሽ ነጥብ ከተንቀሳቀሰ ምክንያት አለው። አሁን እንዲህ ሲሆን መኪናውን አቁሜ አራቱንም ካንዴላ ፈትቼ ጎን ለጎን እደረድራቸዋለሁ። ከሦስቱ የተለየ ነጭ የሆነ ካለ እሱ ጋ ነው ችግሩ። ኢንጀክተሮቹንም በየጊዜው አስጥባለሁ።

እየነዳሁ ጌጁን እያየሁ እንዴት ይሆናል?

አይሆንም፣ መንገዱን እዩ። ቁጥሩን ከሞተሩ ዙርና ከቱርቦው ግፊት ጋር የሚመዘግብ ነገር አስገቡ፤ ቤት ገብታችሁ ታነቡታላችሁ። ቁጥር ብቻውን ምንም አይልም። 13 ብትሉኝ «መቼ? ስንት ዙር ላይ? ቱርቦው ምን ያህል እየነፋ?» ብዬ ነው የምመልስላችሁ። ጭሱ ሴንሰሩ ጋ እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ እንደሚወስድም አትርሱ። ቱርቦው ነፍቶ ከ12.5 ሲያልፍ የሚጮኽ ደወል ያላቸው ጌጆችም አሉ። እኔ ደወሏን ወድጃታለሁ።

በስልክ የሚሠራ፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ የኦቢዲ ስካነር አለኝ። በዚያ ማየት አልችልም?

ከፊሉን። አዳዲስ መኪኖች ፊት ላይ ያለው ሴንሰራቸው ራሱ ዋይድባንድ ነው፤ ስካነሩ ያሳያል። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ ፍጥነቱ ዝግተኛ ነው፤ በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያነብ አጭር ስሕተት ያመልጠዋል። ሁለተኛ ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ያዘዘውን ድብልቅ እያየ የተገኘው ይመስለዋል። የታዘዘው ሁልጊዜ ቆንጆ ነው።

ሴንሰሬ በስድስት ወር ሞተ። ለምን?

በፋብሪካ ቦታው ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ዕቃ ነው። ቶሎ ከሞተ አንድ ነገር እየገደለው ነው።

ዘይት የሚያስተላልፍ ቱርቦ አንዱ ነው። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበልቶ የራዲያተር ፈሳሽ ወደ ሲሊንደር ሲገባም እንዲሁ። ተራ ሲሊኮን ማጣበቂያ ሲግል የሚወጣው ትነት ይመርዘዋል፤ ለሴንሰር የማይጎዳ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ። ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) ያለበት ቤንዚንም ይገድለዋል። ለተራ መኪና የሚሸጠው ሊድ ያለበት ቤንዚን እ.ኤ.አ. በ2021 አልጄሪያ መሸጥ ስታቆም ከዓለም ጠፍቷል። የአነስተኛ አውሮፕላን ቤንዚን ግን አሁንም ሊድ ያለበት አለ። «ኦክቴኑ ከፍ ያለ ነው» ብሎ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ይቅርባችሁ በሉት።

ሌላው ውኃና ሙቀት ናቸው። 780 ዲግሪ የደረሰ ሴራሚክ ላይ ጠብታ ውኃ ሲያርፍ ይሰነጠቃል። ቁልፉን አዙራችሁ ሞተሩን ሳታስነሡ ሙዚቃ እየሰማችሁ ብትቀመጡ ሴንሰሩ ይግላል። ከዚያ ሞተሩ ሲነሣ ቱቦው ውስጥ ያደረው ውኃ ይረጭበታል። ቁልፉን ካዞራችሁ ወዲያው አስነሡ።

ለናፍጣ መኪናስ ይጠቅማል?

ብዙም አይደለም። ናፍጣ ሁልጊዜ በትርፍ አየር ነው የሚሠራው። ቆሞ ሲሠራ ጌጁ ከላይ ተለጥፎ ይቀራል። ቱርቦው ሲነፋ ወደ 18 ከወረደ ጥቁር ጭስ መታየት ይጀምራል፤ ያንን ደግሞ በመስታወት ታዩታላችሁ። ለናፍጣ ቱርቦ ገንዘብ ካላችሁ የጭስ ሙቀት መለኪያ ግጠሙ።

ገንዘቤ ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው የሚበቃው። የቱርቦውን ግፊት የሚጨምረውን ልግዛ ወይስ ይሄን?

ይሄን። ክርክር የለውም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የያዝናትን ሞተር ማቆየት ነው ያለብን።

ጌጁ ተበላሽቶ ጥገና ላይ ነው። ሴንሰሩ ቱቦው ላይ እንዳለ ልንዳ?

አይሆንም። ኤሌክትሪክ ያላገኘ ሴንሰር አይግልም። ጥላሸቱን አቃጥሎ ስለማያራግፍ በጥቂት ቀን ይደፈናል። ፈትታችሁ አውጡትና ቀዳዳውን በኤም18 በ1.5 ቡሎን ድፈኑት። ጥርሱን የሙቀት ቅባት ቀቡት፤ አለዚያ ለመፍታት ስትመጡ አይላቀቅም።